ያን ያህል ቡትቶ አይደለም

መስከረም 14

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህን አንድ ጊዜ ጠይቄ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ፤ አንተም መልስ ስትጽፍ በጤና ጥያቄ አንድ ገጽ እንዳትጨርስ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ዛሬም ማንንም አልጠራም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ላንተም እንዲሁ ያድርግልህ፤ እኔ ዘንድ ሳለህ በቀትር ብርሃን የጨርቁን ፊትና ጀርባ ለመለየት ትቸገር የነበርክ ብትሆንም።

ይህን ደብዳቤ ከአንድ ጥቅል ጋር የምታደርስልህ ነርስ ናት። ለሥራ ወደዚያ የምትሄድ፣ የሠርግ ቀሚሷን እኔ የሰፋሁላት ልጅ ናት። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የወንድ ኮት ነው። ግራጫ ሱፍ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ገበሩ ሙሉ። የሰፋችው ልጄ፣ ትንሿ ናት። ከልኬት እስከ ቁልፍ ቀዳዳ ድረስ እኔ እጄን አላስገባሁበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሿ ከስፌት መኪናው ተነስቼ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ልቁም ብላለች። እዚህ ቤት የሚቆርጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ከእኔ በፊት አባቴ ነበር፤ ዛሬ እኔ ነኝ። እሷ ደርሻለሁ ትላለች፤ እኔ አልደረስሽም እላለሁ። እናትና ልጅ ብቻችንን ብንሆን ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር። ሰው ገባበት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ መስታወቱ፣ እኔ ጋ ነይ፣ ጠረጴዛ አለኝ ብሏታል።

ባለ መስታወቱን አንተ አታውቀውም፤ ከሄድክ በኋላ የበቀለ ነው። የሱቁን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት አልብሶታል። ደንበኛ ሲገባ፣ አንዱ ትከሻው ወርዶ አንዱ ወጥቶ የተሰፋ ኮት አልብሶት፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ገና ተወለዱ» ይለዋል። ሰውየውም በስምንት አቅጣጫ ራሱን እያየ፣ ተወልዶ ይወጣል። የዚህ ሰው ምላስ በሜትር ብትለካ ሜትሩ ያልቃል። ልጄ ሙያ እንዳላት የሚመሰክርላት እንግዲህ እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ቆርጠን ተስማማን። እኔ ደህና ነው ብል እናት ናት ይባላል፤ መጥፎ ነው ብል ቀንታ ነው ትላለች። ማንኛችንንም የማያውቅ ባለሙያ ይፍረድ። ኮቱ ጥሩ ነው ካለ ጠረጴዛው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ነው። ካላለ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ የባለ መስታወቱንም ነገር ዳግመኛ አታነሳብኝም።

ኮቱን ለአለቃህ አሳየው። የማን እንደሆነ አትንገረው። ያለውን ቃል በቃል ጽፈህ ላክልኝ። ማር አትቀባው፤ ኮምጣጤም አትጨምርበት። ያንተን ትርጓሜ አልፈልግም፤ እኔ ዘንድ ስትሠራም አስተያየትህን የጠየቀህ አልነበረም።

የልብስ ሰፊ ጠመኔ እዚህ ጠፍቷል። ነጭና ሰማያዊ ላክልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 20

ለተከበሩ አክስቴ፤

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሱቅዎን ይጠብቅልዎ። ስለ ጤናዬ እንዳልረዝም አዘዋል። አለሁ።

መልሴ የዘገየው በእኔ ስንፍና አይደለም። ነርሷ ጥቅሉን በሰላም አድርሳልኛለች፤ በማግስቱ ለአለቃዬ ሰጠሁት። የምንሠራው ከአንድ የመነጽር ሱቅ በላይ ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ ሁለት መስኮት፣ መስኮቶቹም የሚያሳዩት የጎረቤት ግድግዳ ነው። አለቃዬ ሽማግሌ ሰው ነው። ሌላውን ሰው ሲያለብስ ይውላል እንጂ እሱ ክርኑ የሳሳ ሹራብ ነው የሚለብሰው። ኮቱን ተቀብሎኝ መስቀያ ላይ ሰቀለውና ረሳው መሰለኝ። እኔም አላስታወስኩትም፤ ሲያስታውሱት አይወድም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ኮቱን ለብሶት ቆሟል። ወደ መስኮቱ ሄደ። ተመለሰ። እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ አወረደ። ከዚያ አውልቆ አየውና አንድ ነገር አለ። ቃል በቃል ስላሉኝ ቃል በቃል እነሆ፤ ከእንግሊዝኛው ሲመለስ፣ «ያን ያህል ቡትቶ አይደለም» ነው ያለው።

ሌላ ምንም አልተናገረም። እኔም ምንም አልጨመርኩበትም። ማር የለበትም፤ ኮምጣጤም የለበትም። እንዳዘዙኝ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮቱን በራሱ እጅ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ ሰጠኝ። እንዳለ በፖስታ ልኬዋለሁ። ጠመኔውም አብሮ አለ።

እርስዎ ዘንድ ስማር ሥራዬን ሳሳይዎት «ይለበሳል» ይሉኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ባለሙያ ሰው የትም አገር ቢሆን ቃል አያባክንም ማለት ነው።

ለትንሿ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለአለቃህ ግን ከዚህ ሰላምታ ላይ ቆርጠህ እንዳታካፍለው።

ቡትቶ! በእኔ ጨርቅ፣ በእኔ ጣሪያ ሥር የተሰፋ ሥራ ፊት ቡትቶ የሚባል ቃል ማን አነሳ? ውሻ ሰው ቤት ገብቶ ሳይናከስ ሲወጣ ነው ያን ያህል ክፉ አይደለም የሚባለው። ሰውየው ክርኑ የወጣ ሹራብ ለብሶ ስለ ቡትቶ ማውራቱ ራሱ ደንቆኛል። በቤቱ ያለውን ነው የሚያውቀው።

አንተንም ታዝቤሃለሁ። ያን መስመር ስትጽፍ ከንፈርህ እንዴት እንደነበረ እዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

ይሁን፤ ቃል ቃል ነው፤ በቃሉ ብቻ ቢያበቃ ምንም ባልነበር። ጥቅሉን ስፈታው የኮቱ ግራ ትከሻ ተተርትሯል። እጅጌው ከትከሻው ተላቆ፣ ገበሩ ተከፍቶ፣ ውስጡ እንደ ታረደ ነገር ወጥቷል። መልሶ እንኳ አልሰፋውም። በእኔ ቤት የሚተረተረው ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አንተ ጠፍቶህ አይደለም፤ ምላጭ ይዤ ስንት ጊዜ ከፊትህ ቆሜያለሁ።

እንግዲህ የተስማማነውን አደረግኩ። ኮቱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሁለቱ ሠራተኞች ባሉበት ትንሿን ጠራኋት። ደብዳቤህን አነበብኩላት፤ ቡትቶ የሚለውን ሁለት ጊዜ። ትከሻውን አሳየኋት። ከእንግዲህ ስለ ጠረጴዛ ወሬ የለም አልኳት።

አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። ኮቱን አጥፋ ከክንዷ ላይ አደረገችና ወደ መኪናዋ ሄዳ የጀመረችውን ሱሪ ዘምዝማ ጨረሰች። በማግስቱ አልመጣችም። እስከ እኩለ ቀን አመማት ብዬ ነበር። ከዚያ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ በዚያ በተረገመ መስታወት ውስጥ ስምንት ሆና ቆማለች፤ ስምንቷም መቀስ ይዛለች።

አልከፋኝም። ፍርዱ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ሲሰጣት የምትሄድ ልጅ ትሂድ። ባለ መስታወቱ ዛሬ ገና ተወለድሽ ይላታል፤ ትወለድ።

ግን አንድ ነገር ጠይቀህ ጻፍልኝ፤ ቶሎም ይሁን። እዩልኝ እንጂ ቅደዱልኝ ያለው ማን ነው? በምን ሥልጣን ነው ያን ትከሻ የነካው?

አክስትህ


ጥር 22

ለተከበሩ አክስቴ፤

ፈጣሪ ልብዎን ያረጋጋልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።

ቶሎ ይሁን ብለውኛል። አልቸኮልኩም፤ ቸኩሎ የተጻፈ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ስለ ቃሉ ልጀምር።

«ያን ያህል ቡትቶ አይደለም» እዚህ አገር በየቀኑ የሚባል ነገር ነው። ሲባል የሰማሁበትን ልንገርዎ። ከታችን ያለው የመነጽር ነጋዴ ልጁ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ቀን ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ነገረን። ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ ካውያዋን ሳታስቀምጥ፣ «ያን ያህል ቡትቶ አይደለም» አለችው። ሰውየው ፊቱ በራ፤ አመስግኗት ወረደ። አለቃዬ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ጊዜ፣ እንዴት ነው ስንለው ይህንኑ አለ። ሄደን ስናየው ጓሮው ብቻ የእርስዎን ሱቅ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሰው ስለ ራሱ ሲናገርም ይለዋል፤ አልኮራሁም ለማለት። ቃሉ ውስጥ ቡትቶ መኖሩን ማንም አያስታውስም። እኛ «ይግደለኝ» ስንል ሞት መለመናችን ነው እንዴ?

ሁሉም ቦታ አይባልም። ለሙሽራ አባት በሠርጉ ቀን አይባልም። ዳኛ ፊትም አይባልም። ደግሞ ሰው ዓይኑን ሌላ ቦታ አድርጎ፣ ድምፁን ጎትቶ ሲለው ስድብ ነው። አለቃዬ ሲለው ግን ዓይኑን ከኮቱ ላይ አላነሳም ነበር። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ሰው ሥራ ሲለው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለ እኔ ሥራ ብሎት አያውቅም።

ይህን ያኔ ለምን አልጻፍክም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትርጓሜህን አልፈልግም ብለው የጻፉት በራስዎ እጅ ነው። ደብዳቤው አለኝ።

ስለ ትከሻው እኔም አላወቅኩም። የታሰረ ጥቅል ሰጠኝ፤ ሳልፈታ ላክሁት። እርስዎ ከጻፉልኝ በኋላ ተኳሿን ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። በዚህ ቤት መጥፎ ሥራ አይተረተርም፤ ሰውየው ለመጥፎ ሥራ የሚያባክነው ጊዜ የለውም አለችኝ። መጥፎ ሥራ ይዞ ለመጣ ሰው፣ «ግሩም ነው፣ እጅግ ያምራል» ይለውና ኮቱን አጥፎ ሰጥቶ በሩን ይከፍትለታል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ነበር ያልገባኝ። የሚፈታው ውስጡን ለማየት የጓጓለትን ብቻ ነው። ከአሮጌ ልብስ ነጋዴ የድሮ ባለሙያዎችን ኮት እየገዛ ያመጣል፤ ግራ ትከሻውን ፈትቶ ያያል፤ መልሶም አይሰፋውም። የሌላ ሰው ስፌት ላይ የራሱን ክር ማስገባት ነውር ነው ባይ ነው። ይህን የሚያደርገው ለሞቱ ሰዎች ሥራ ነው። ተኳሿ በሕይወት ያለ ሰው ኮት ሲፈታ አይታ አታውቅም።

ከዚያ እሱን ራሱን ጠየቅሁት። ስለ ግራጫው ኮት እንደሆነ ሲገባው መቀሱን አስቀምጦ፣ «ሰፊው መቼ ነው የሞተው?» አለኝ።

አልሞተችም፤ ወጣት ናት፤ የሱሪ ጫፍ ትዘመዝማለች አልኩት። መነጽሩን አወለቀ። ጠራረገው። መልሶ አደረገውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እርስዎ ያሉት፣ ጥሩ ነው ካለ ጠረጴዛው የእሷ ነው ነበር። ብሏል። ልጅ ወላጁ ዘንድ እንደሚሄደው ሁሉ ወላጅም ልጁ ዘንድ ቢሄድ ነውር የለውም። መንገዱን ተሻግረው ይመልሷት።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 27

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ነህ ወይ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጽሕፈትህ እንደ ስፌትህ ስለሆነ።

ያ አገር እንዴት ያለ አገር ነው? እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየውን ፈርቶ የማያየውን ይናገራል። ባል ሚስቱን እወድሻለሁ ለማለት ያን ያህል አልጠላሽም ይላታል? ሐኪሙስ በሽተኛውን ያን ያህል አልሞትክም ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሰደው? አለቃህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የጠላውን ሥራ እጅግ ያምራል ይላል፤ የወደደውን በመርፌ ይዘለዝላል። ከዚህ ባለ መስታወቱ ይሻላል፤ እሱ ቢዋሽ ሁልጊዜ ስለሚዋሽ ሰው ያውቀዋል።

ምክር ሰጥተኸኛል፤ ደርሶህ። ሰምቼሃለሁ ማለቴ አይደለም፤ በራሴ ቃል ታስሬ እንጂ። መንገዱን ተሻገርኩ። ያን ሱቅ ረግጬው አላውቅም ነበር፤ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ከየግድግዳው ራሱ ላዩ ላይ ይመጣበታል። ያ ሰውዬ እኔንም ሊያሞግሰኝ አፉን ከፈተ፤ ገና ሳይጀምር ዝም በል አልኩት።

ደብዳቤህን ለትንሿ አነበብኩላት። ጠረጴዛው ያንቺ ነው፣ ነይ አልኳት። ቃሌን ጠበቅኩ። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ምን እንደጠየቀችኝ አልጽፍልህም፤ አንተን አይመለከትህም። መልሴን ሰማች፤ አልመለስም አለች፤ ወጣሁ።

ነገሩ ገብቶኛል። አላመነችውም። የዘመድ ደብዳቤ ነው፤ ተዛዝነው የጻፉት ነው ብላለች በልቧ። ስለዚህ አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። አለቃህ ስለ ኮቱ ያለውን በራሱ እጅ ይጻፍ። ይፈርምበት። የሱቅ ማኅተም ካለው ያሳርፍበት። ቡትቶ የሚለው ግን ይውጣ፤ ጥሩ ነው ብሎ እንደ ሰው ይጻፍ። ወረቀቱን ስታየው ትመለሳለች።

ጠመኔው ሰባራ ነው የደረሰኝ።

አክስትህ


ሚያዝያ 9

ለአጎቴ ልጅ፤

ወንድሜ፣ ከልቤ ሰላም እልሃለሁ። ጤናህንም እጠይቃለሁ። በዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ የእኔን ጤና የጠየቀ ስለሌለ ራሴ ልንገርህ፤ ደህና ነኝ።

እናቴ ከአለቃህ የተፈረመበት ወረቀት እንድትልክላት እንደጠየቀችህ ከሠራተኞቿ ሰምቻለሁ። እባክህ አትላክ። ሽማግሌውንም አታስቸግረው። ወረቀት ጎድሎኝ አይደለም ያልተመለስኩት።

ኮቱ የመጣ ቀን የሆነውን እናቴ ነግራሃለች፤ በእሷ በኩል ያለውን። በእኔ በኩል ይህ ነው። ደብዳቤህን ስታነብ እኔ ትከሻውን አይ ነበር። የተናቀ ሥራ እንዴት እንደሚተረተር እዚያ ቤት ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ምላጭ ይገባል፣ ጨርቁ ይቦጨቃል፣ ክሩ ተቆራርጦ እንደ ፀጉር ይበተናል። ያ ትከሻ እንዲያ አልነበረም። ክሩ አንድ በአንድ ተስቦ ነው የወጣው። ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳ እንኳ አልሰፋም። የወጣው ክር ተጠቅልሎ በወረቀት ተደርጎ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ አድርጎ የሚፈታ ሰው አንድም እጁ ቅዱስ ነው፤ አንድም የፈታውን አክብሯል።

ይህን ማየት ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ጣቷ ትከሻው ላይ ነበር። እኔ ያየሁትን አይታዋለች። አይታ ነው ቡትቶ የሚለውን ሁለት ጊዜ ያነበበችው።

አንተም ብትሆን። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ታውቅ ነበር። «ይለበሳል» ያለችህን የምትመልስበት አገኘህና በእኔ ኮት መለስክላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይቅርታ እንድትጽፍልኝ አይደለም፤ ደብዳቤ ጠግቤያለሁ።

እዚህ የመጣች ቀን ሁለት ደንበኞች ልብስ ሊለኩ ቆመው ነበር። በራፉ ላይ ሆና ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበች፤ የመነጽር ነጋዴው ልጅ ሳትቀር። ሰፊው መቼ ሞተ የሚለው ጋ ስትደርስ መስመሩን ዳግመኛ አነበበችው። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ልቤ ሊመለስ ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን አጠፈችና፣ «በይ፣ ባለሙያው ተናግሯል፤ ጠረጴዛው ያንቺ ነው» አለች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ምን?»

«አንቺ ምን ትያለሽ? ኮቱን እኮ ከእሱ በፊት ያየሽው አንቺ ነሽ።»

«የእኔ ምን ያደርግልሻል፤ ከእኔ የሚበልጠው ብሏል።»

«እሱን አላውቀውም» አልኳት። «አንቺ በይኝ። መጥፎ ነው በይኝ። እሱም ይበቃኛል።»

ደንበኞቹ ወለሉን ያዩ ነበር። መስታወቱ ውስጥ በየቦታው እናቴ ናት፤ አንዷም አፏን አልከፈተችም። ከዚያ ወጣች። ስትወጣ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳታይ ነው የተሻገረችው።

ይኸው ነው። በእጇ ይዛ የነበረውን ለማወቅ ከባሕር ማዶ ቃል አስመጣች፤ ቃሉ ሲመጣ ደግሞ ማኅተም ጎደለው አለች። ማኅተሙ ቢመጣ ሌላ ይጎድለዋል። ከአፈርኩ አይመልሰኝ ያለች ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ልጇ ነኝ።

ባለ መስታወቱን ደግ ሰው ነው ብዬ እንዳላሳስትህ። የደንበኛውን ሆድ «ሞገስ ነው» ይለዋል። እኔን ለሰው ሲያስተዋውቀኝ በሚለው ነገር አንገቴን የምደፋበት ቀን አለ። ግን የመጣሁ ቀን ያን የተፈታ ኮት ከክንዴ ላይ ተቀበለኝ። ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ገለበጠው፤ ብብቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ የኮሌታውን ሥር አየ። ይህ ሁሉ ምላስ ያለው ሰው አንድ ቃል አልወጣውም። ተመልሶ መጣና የራሱን መቀስ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ አሞግሶኝም አያውቅም። የምቆርጠው እኔ ነኝ። አሳስቼ ስቆርጥ፣ «ይሄ አይሆንም» ይለኛል፤ ደንበኛ ሲገባ ወደ ውሸቱ ይመለሳል።

ኮቱን ትከሻውን ሰፍቼ ሸጥኩት። የገዛው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንዴ ለበሰው፣ እንደ መሪ ያዥ ክንዱን ወደ ፊት ዘረጋና፣ አይይዘኝም ብሎ ለብሶት ሄደ።

ለእናቴ መጻፍህን ግን አትተው። ካንተ ሌላ ደብዳቤ የሚልክላት የለም፤ ሲዘገይ ፖስተኛውን በር ላይ ቆማ ትሳደባለች። ስለ እኔ አትጻፍላት፤ ስለ ኮት፣ ስለ አለቃህም አትጻፍ። ጉልበቷን እያመማት ነው። ለሰው አትናገርም። ጠረጴዛው ጋ ቆማ መቁረጥ ትታ በርጩማ ላይ ሆና ስትቆርጥ ከዚህ ሆኜ አያታለሁ፤ እንዳየኋት ስታውቅ ትነሳና ትቆማለች፤ ዞር እስክል ድረስ አትቀመጥም። እኔ ከመስኮቱ ዞር ማለት ተምሬያለሁ።

ስለ ጉልበቷ ጠይቃት። የነገርኩህ እኔ መሆኔን ግን እንዳትጽፍ።

እህትህ